ቶሎ መጨረስ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው። ከተጋባን አምስት ወር ሊሞላን ነው። ችግሬ ቶሎ መጨረስ ነው፤ ገና ከመጀመሬ ያልቃል፣ ደቂቃ አይሞላም። ከድሮም እንዲሁ ነኝ፣ ትዳር ያስተካክለዋል ብዬ ነበር። ባለቤቴ ምንም አትልም። ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ይነጋል።

ባለፈው ሳምንት እንደ ምንም ደፍሬ ፋርማሲ ገባሁ። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ ፓራሲታሞል ገዝቼ ወጣሁ። ከዚያ ጓደኛዬ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠውን «የወንዶች ማር» ሰጠኝ። ፊቴ በርበሬ መሰለ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ሰዓቱ ግን ያው ነው።

ባለባጃጁ፦ ፓራሲታሞሉ ገደለኝ! አትቀየመኝ፣ እኔም ያለፍኩበት ነው። የረዳኝ እያቆሙ መቀጠል ነው። ሊመጣ ሲል ቀጥ ትላለህ፣ ስሜቱ እስኪበርድ ትጠብቃለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገህ በአራተኛው ትለቀዋለህ። መጀመሪያ ብቻዬን ተለማመድኩ፣ ከዚያ ከእሷ ጋር። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ በሳምንት ተስፋ እንዳትቆርጥ።

የታቦር ልጅ፦ ወንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት ካልቆየ ምኑን ወንድ ሆነ?

ነርሱ፦ የታቦር ልጅ፣ ፊልም ቀንስ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአምስት አገር ያሉ ጥንዶችን በሰዓት መቁጠሪያ አስለክቶ ነበር፤ መካከለኛው 5.4 ደቂቃ ነው የወጣው። ጠያቂ፣ ያንተ ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ፣ አንድ ደቂቃ አካባቢ የሚያልቅ ዓይነት ነው። ድሮ ደህና ሆኖ በኋላ የመጣበት ሰው ግን ታይሮይዱን (የአንገት ዕጢውን) እና ፕሮስቴቱን (ከፊኛ ሥር ያለውን የወንድ ዕጢ) ይታይ። አይቆምልኝም የሚል ስጋትም ሰውን ያስቸኩላል።

ፋርማሲስቷ፦ ማሩን ጣለው። እንዲህ ያሉ ማሮች ውስጥ ሳይጻፍበት ሲልዴናፊል ተጨምሮ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ያ የቫያግራው መድኃኒት ነው፣ ብልት እንዲቆም እንጂ ለማዘግየት አይደለም። ፊትህ የቀላውም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢቀምሰው ደግሞ ደም ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ያዘገያል የሚልህንም አትስማ፣ ትርፉ ሱስ ነው።

የሚሠራውን ልንገርህ። ሊዶካይን ያለበት ማደንዘዣ ክሬም አለ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀድመህ ጫፉን በስሱ ትቀባለህ፣ ከዚያ ታጥበህ ወይም ኮንዶም አድርገህ፤ አለዚያ እሷም ትደነዝዛለች። ሐኪም የሚያዝዘው ዳፖክሴቲን ከግንኙነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት በፊት ይዋጣል። በየቀኑ የሚወሰድ ፓሮክሴቲንም አለ። የድብርት መድኃኒት ነው ብለህ አትደንግጥ፣ ማዘግየቱ የጎንዮሽ ጠባዩ ነው። በራስህ አትጀምረው፣ በድንገትም አታቁመው። ልጅ እየሞከራችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው። ካፈርክ ስልክህ ላይ ጽፈህ ለፋርማሲስቱ አሳየው፤ እኛ በቀን ስንቱን እናያለን።

ሚስት ነኝ፦ ወንድሜ፣ ሁሉም ስለ ክሬም ያወራል። እኔ ከእሷ ወገን ልናገር። ባሌ እንዳንተ ዝም ሲል ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ነበር። ሴት የምትደሰተው በዚያ ብቻ አይደለም፤ እጅም አለ፣ መሳምም አለ፣ መተቃቀፍም አለ። ከጨረስክ በኋላ ሸሽተህ ጣሪያ አትይ። ንገራት፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ቀን በብርሃን።

ጠያቂ (ከአሥር ቀን በኋላ)፦ እሁድ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄደን ነገርኳት። እሾኹን እየለቀመች ሰማችኝ። «እኔ ያስጠላሁህ መስሎኝ ነበር» አለች። ሁለታችንም ዓሣውን ረሳነው። ሰኞ አብረን ሐኪም ጋ ሄድን። የታይሮይድ ምርመራ ታዘዘልኝ፣ ክሬሙም ተጻፈልኝ። ባለባጃጁ፣ ያንተንም ጀምረናል፤ ትናንት ሁለተኛው ላይ አመለጠኝና ሁለታችንም ሳቅን። ፓራሲታሞሉ ግን እስካሁን አላለቀም።