ስኖው ሲመጣ ነርሲንግ ሆም አድራችሁ ስሩ ሲሉን መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። ናይት ነው የምሰራው፣ ከምሽቱ 11 (ፒኤም) እስከ ጠዋት 7 (ኤኤም)፣ በአሜሪካ ሰዓት። ለቅዳሜ ከባድ ስኖው ይመጣል ተብሏል። ዛሬ ሱፐርቫይዘራችን መጥታ አርብ ማታ የሚገባ ሰው ቅያሪ ልብሱንና መድሃኒቱን ይዞ ይምጣ፣ መንገድ እስኪጠረግ መውጣት የለም አለችን። የስም ዝርዝርም ለጥፋለች። የኔም ስም አለበት፣ ግን ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ባለፈው ክረምት እንዲሁ አድረን ነበር። አክቲቪቲ ሩም ወለል ላይ ነው የተኛነው። የተኛችሁበት አይከፈልም ብለው ክሎክ አውት አስደረጉን፣ ማለትም ከስራ እንደወጣን አስመዘገቡን፣ ከዛ ኮል ላይት (የነዋሪው መጥሪያ መብራት) በበራ ቁጥር እየመጡ ይቀሰቅሱን ነበር፣ ፔይቼኩ ሲመጣ ያ ሁሉ ሰዓት የለም።

ቤት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ባሌም የሌሊት ሰራተኛ ነው። አልመጣም ብል አባንደንመንት ነው፣ ሰርተፍኬትሽን ትነጠቂያለሽ ትላለች። እውነቷን ነው? ካደርኩስ የእንቅልፉ ሰዓት በቃ የነሱ ነው?

ነርሷ ከቨርጂኒያ፦
እህቴ አይዞሽ፣ ሁለቱን ለይተሽ እዪው። አባንደንመንት የሚባለው በአብዛኛው ሺፍት ገብተሽ፣ ሰዎቹን ተረክበሽ፣ ለሌላ ሳታስረክቢ ጥለሽ ስትወጪ ነው። ከቤትሽ ሆነሽ መምጣት አልችልም ማለት እሱ አይደለም። ከስራ ሊያባርሩሽ ይችላሉ፣ እሱን አልዋሽሽም። ስለዚህ አልችልም የምትይ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ አርብ ማታ 10 ሰዓት ላይ አይደለም። አንዴ ከገባሽ ደግሞ ተረካቢ ሳይመጣ እንዳትወጪ፣ በፍጹም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የፌደራሉ ህግ ግልጽ ነው። ስራ ላይ ሁኚ የተባልሽበት ጊዜ ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ፣ ተኚ ቢሉሽም እንኳ ሰዓቱ ይከፈላል። 24 ሰዓትና ከዛ በላይ ከሆነ ቢበዛ 8 ሰዓት የእንቅልፍ መቀነስ ይችላሉ፣ ግን እንደፈለጉ አይደለም። አስቀድማችሁ መስማማት አለባችሁ፣ በደንብ የሚያስተኛ ቦታ መስጠት አለባቸው። ከቀሰቀሱሽ የሰራሽበት ይከፈላል። በዛ ሌሊት 5 ሰዓት እንኳ መተኛት ካልቻልሽ ደግሞ ሙሉው እንደ ስራ ይቆጠራል። ወለል ላይ አስተኝቶ በየደወሉ እየቀሰቀሱ ክሎክ አውት አድርጊ ማለት አይሆንም።

የስራ ሰዓትሽ አልቆ፣ መንገዱ ስለተዘጋ ራስሽ ልደር ካልሽና ማንም የማይጠራሽ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው በጽሁፍ የሚያስፈልገው። "አርብ ማታ እንዳድር ታዝዣለሁ፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሚያዝ አሳውቁኝ" ብለሽ ቴክስት አድርጊላት። መልሷን ስክሪንሾት አድርጊ። የተቀሰቀስሽበትን ሰዓትም በራስሽ ማስታወሻ ጻፊ።

ደብል ሺፍት፦
እኔ አትሂጂ ነው የምለው። ሁሌ እኮ የምንቀረው እኛ ነን። አድሚኒስትሬተሩ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና አለው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዙም ያዘናል። ዓመቱን ሙሉ ሰው አሳንሰው ያሰሩናል፣ ስኖው ሲመጣ ጀግኖቻችን ብለው ፒዛ ይገዛሉ። ፌደራል መንግስት በ2024 የሰራተኛ ቁጥር ዝቅተኛ ልክ ሲያወጣ እንኳ ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት በ2025 ሰርዞላቸዋል። ታዲያ የማን ድንገተኛ ነው ይሄ?

እትዬ ብርሃኔ፦
ልጄ ደብል ሺፍት፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን አትሂጂ ማለት ቀላል ነው። በጃንዋሪ 2016ቱ ስኖው እኔ ውስጥ ነበርኩ። እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ዳለስ ኤርፖርት 29 ኢንች የወረደ ጊዜ፣ ሜትሮው ባቡሩም ባሱም ቅዳሜና እሁድ ሙሉ የቆመ ጊዜ። የጠዋቱ ሺፍት አልመጣም። ለአንድ ፎቅ ሁለት ሆነን ቀረን። ሆየር ሊፍት (ሰው ከአልጋ የሚያነሳው ማሽን) ለብቻ አይነካም፣ ስለዚህ አንድ ሰው በተነሳ ቁጥር ሁለታችንም እዛ ነን፣ ሌላው ኮሪደር ባዶ። ሻወር ተውን፣ አልጋ ማንጠፍ ተውን። መጀመሪያ ስኳር ያለባቸውን አበላን፣ ቀጥሎ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉትን አገላበጥን፣ ዳይፐር ቀየርን፣ ከዛ እንደገና ከመጀመሪያው። ከኩሽናው ልጅ ጋር ተነጋግረን ምግቡን ሳንድዊች አስደረግነው። ያኔ አንዷ ብትወጣ ኖሮ ሁለተኛዋ ምን ልታደርግ ትችል ነበር?

ግን ደግሞ የቀረ ሰው ሁሉ ይመሰገናል ማለት አይደለም። በ2017 ኢርማ የሚባለው ሀሪኬን ፍሎሪዳን የመታ ጊዜ፣ ሆሊውድ ከተማ ያለ አንድ ነርሲንግ ሆም ኤሲው ጠፍቶ 12 አረጋውያን በሙቀት ሞቱ፣ ሆስፒታል መንገድ ማዶ እያለ። በኋላ የተከሰሱት እነማን ናቸው? አስተዳዳሪውና ሶስት ነርሶች። የነርሶቹ ክስ ተቋረጠ፣ አስተዳዳሪውም በ2023 ነጻ ወጣ፣ ግን ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ኖሩ። ከዛ ወዲህ ፍሎሪዳ ውስጥ ለ96 ሰዓት ሙቀቱን ከ81 ዲግሪ ፋራናይት ሳያሳልፍ የሚይዝ ጄኔሬተር ግዴታ ሆነ። ስለዚህ ሰው ሲደክም፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ወይ ሲሞቅ፣ ለማን ስንት ሰዓት ደውላችሁ እንደተናገራችሁ ጻፉ። 911 ለመደወል ፈቃድ አይጠበቅም።

የሂውስተኑ፦
እኛ ጋ ስኖው ብርቅ ነው፣ ሀሪኬን ግን የታወቀ ነው። ደህና የሚባሉት ቦታዎች ሀሪኬን ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ሰው ይመዘግባሉ። አንዱ ቡድን ራይድ አውት ይባላል፣ ከማዕበሉ በፊት ገብቶ እስኪያልፍ ይቆያል። ሁለተኛው ሲያልፍ መጥቶ ይቀይረዋል። ማን ልጅ እንዳለው፣ ማን ቅርብ እንደሚኖር ይጠየቃል፣ አንዳንዱ ቦታ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ ይላል። የናንተዋ ግን ሀሙስ ለጥፋ አርብ ግቡ ትላለች። ያ እቅድ አይደለም።

ደግሞ እወቂው፣ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ እያንዳንዱ ነርሲንግ ሆም የአደጋ ጊዜ እቅድ በጽሁፍ እንዲኖረው የፌደራል ግዴታ ነው። ሰራተኛ ሲጎድል ምን እንደሚደረግ እቅዱ ውስጥ መኖር አለበት። ምግብና ውሃም ለነዋሪው ብቻ ሳይሆን ለሰራተኛውም ነው የሚለው። በየዓመቱ ሊያሰለጥኗችሁም ይገባል። እቅዱን አሳዩኝ በያቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴክስት አደረግኩላት። "ነገ በአካል እንነጋገር" አለችኝ፣ በጽሁፍ መመለስ አልፈለገችም መሰለኝ።

ነርሷ ከቨርጂኒያ፦
በአካል አውሪያት፣ ከዛ "ዛሬ እንዲህ ብለሽኛል" ብለሽ መልሰሽ ቴክስት አድርጊላት። ዝም ካለችም የላክሽበት ቀንና ሰዓት ስልክሽ ላይ አለ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሺ። ልጆቹን እህቴ ትይዝልኛለች፣ ስለዚህ አርብ ልገባ ነው። ቀሪው ችግሬ መኪናዬ ነው፣ ጎማው አልቋል። በዊተን በኩል የሚያልፍ ሰው ካለ?

ደብል ሺፍት፦
አርብ ማታ በ9 ሰዓት ከዊተን እነሳለሁ፣ ስኖው ሳይጀምር። ኢንቦክስ አድርጊኝ። አዎ፣ እኔም ልገባ ነው፣ እንዳትስቂብኝ።