ለፒያሳና ለደባርቅ፦ ናፍታ ወይስ ቤንዚን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዘወትር ጉዞዬ እዚሁ ጎንደር ከፒያሳ አዘዞ ሲሆን በወር አንድ ጊዜ ቤተሰብ ለመጠየቅ ደባርቅ እወጣለሁ፤ አዲስ ኤስዩቪ ስገዛ የትኛውን ሞተር ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ናፍታ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ከፍተኛ ጉልበት ስለሚሰጥ ጭነው ዳገት ሲወጡ አይጨነቅም፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘመኑ ናፍታ መኪና በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያ የያዘውን የሚያቃጥለው ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል በመሆኑ፣ አጭር የከተማ ጉዞ ሲበዛበት ይደፈናል። የእኔው ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ መብራት አብርቶ፣ አዘዞን አልፌ በባሕር ዳር መንገድ ግማሽ ሰዓት ሳላቆም ስነዳው ጠፋ። ለእርስዎ ተርቦ ያለው ቤንዚን ይሻላል እላለሁ።

መልስ፦ ናፍታ ከመረጡ ለማጣሪያው የሚስማማ፣ ሲቃጠል የሚተወው አመድ አነስተኛ የሆነ የሞተር ዘይት ብቻ ያስሞሉ።