እህቱ ከተወለደች ወዲህ ልጄ ወደኋላ ተመለሰብኝ

የአራት ኪሎዋ፦ እናቶች እስኪ እርዱኝ፣ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው፣ ፖፖ ለምዶ ዳይፐር ጥሎ ነበር፣ እህቱ ከመጣች ግን ሱሪው ላይ ይሸናል ጡጦዋን ይቀማታል፣ "ውሃ ስጪኝ" ይል የነበረው ልጅ አሁን እየጠቆመ እህ እህ ብቻ። ሀኪም ላሳየው?

የሁለት ልጆች እናት፦ አይዞሽ ቅናት ነው የኔዋም እንደዛ ሆና ነበር። አራስ ጠያቂው ሁሉ ገና ከበር ወደ ህፃኗ ነው የሚሮጠው፣ እሱን ማን ያየዋል? ገንፎውን ካንቺ ጋር ይብላ፣ ዳይፐር አቀብለኝ በይው። ፖፖውን ለጊዜው ተይው፣ እንዳትቆጪው ብቻ።

ነርሷ፦ በ2 ዓመት ሁለት ቃል ማገጣጠም ይጠበቃል፣ እሱ ደሞ ይችል ነበር። የሚያውቃቸው ቃላት ከጠፉበት ወይ ሲጠሩት ካልዞረ ግን ቅናት ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የአራት ኪሎዋ፦ ሲጠሩት እንኳን ይዞራል፣ ከአባቱ ጋር ፒያሳ ወጥቶ ሲመለስማ "ባቡር አየሁ" እያለ ሲለፈልፍ ነበር 😂 እኔ ላይ ነው እንዴ የሚያኮርፈው?