የወቅቱ መክፈቻ፦ ለአሰልጣኞች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን የወቅቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ሊጀምር ነው። አብዛኞቹ ልጆች የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ ይህን ያህል ረጃጅም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ አግኝተን ግን አናውቅም። ለአሰልጣኞቹ የምናቀርበው መነሻ ረቂቅ ይህ ነው፦ «ቡድኑ ቁመቱን ተጠቅሞ ኳሱን ወደ ቅርጫቱ ሥር እንዲያስገባና የመክፈቻ ጨዋታዎቹን እንዲያሸንፍ ማኅበሩ የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል።» አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የቀድሞ ሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች)፦ ረቂቁ ገና ነው። ቅርጫቱ 3.05 ሜትር ላይ ተሰቅሏል፤ እጁን ሲዘረጋ ወደዚያ የሚጠጋ ልጅ ያላት ቡድን ደስ ሊላት ይገባል። ነገር ግን አጥቂ ከቅርጫቱ ሥር በተሰመረው ሳጥን ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም፤ ቦታውን ከያዘ በኋላ ኳሱ ወዲያው ሊደርሰው ይገባል። ተከላካዩ ከፊቱ ከቆመ ኳሱ ከአናቱ በላይ ያልፋል፤ ከጀርባው ከቆመ ደግሞ ከተከላካዩ ወደራቀው እጅ፣ አንዳንዴም መሬት ነጥሮ ይገባል። ይህን በአንድ እይታ ለይቶ የሚያቀብል ሰው ከሌለ ረጅሙ ልጅ እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። እኔ የምፈራው ለአቀባዮቻችን ነው፤ ሁለቱም ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው።

የውጤት መዝጋቢ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ልጨምርበት። በመክፈቻዎቹ ጨዋታዎች ከእኛ የሚያጥሩ ቡድኖች ይገጥሙናል። በሪባውንድ፣ ማለትም ቅርጫት ስቶ የተመለሰውን ኳስ በመያዝ ብቻ ልናሸንፋቸው እንችላለን፤ የውጤት ሰሌዳው ደስ ያሰኘንና ጉድለቱን ይሸፍንብናል። ሦስት ረጃጅም ልጆች የማጥቃት ሪባውንድ (ራሳችን የሳትነውን ኳስ) ፍለጋ ከቅርጫቱ ሥር ሲጋፉ ወደ ኋላ የሚመለስ ማን ነው? ተጋጣሚ ኳሱን አንስቶ ከሮጠ ቁመታችን ከኋላ ሆኖ ያያል። ስለዚህ ነጥብ ብቻ አንቁጠር፤ በየጨዋታው ያባከንናቸውን ኳሶችና በፈጣን መልሶ ማጥቃት የተቆጠሩብንን ነጥቦች ለይተን እንመዝግብ።

የደጋፊዎች ተጠሪ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ማሸነፍን አታቃሉብኝ። ወጣት ቡድን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሸነፈ ራሱን ይጠራጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጭምር የአሜሪካን ሻምፒዮና ወስዶ የለም? ወጣትነት ሰበብ አይሁን።

የቀድሞ ሴንተር፦ ወንድሜ፣ ምሳሌዎ ለእኔም ይጠቅመኛል። በዚያ ፍጻሜ አንደኛ ዓመቱ አንቶኒ ዴቪስ ከ10 ሙከራ ያስገባው 1 ብቻ ነበር፤ 16 ሪባውንድና 6 ብሎክ (ያገደው የተጋጣሚ ውርወራ) ግን ነበረው፤ የውድድሩ ኮከብም እርሱ ተባለ። በ2015 ደግሞ ያው ዩኒቨርሲቲ ረጃጅሞቹን ይዞ 38 ጨዋታ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ በግማሽ ፍጻሜው በዊስኮንሲን 71 ለ 64 ተሸንፏል። ዊስኮንሲንን የመራው የመጨረሻ ዓመት ተማሪው ፍራንክ ካሚንስኪ ነበር። እኔ ከሁለቱ የምወስደው፣ ቁመት ቶሎ የሚከፍለው በመከላከል እንደሆነ ነው። ልጆቻችን በቅድሚያ መማር ያለባቸው እጃቸውን ቀጥ አድርገው መዝለልን ነው። በእያንዳንዱ የማታለያ እንቅስቃሴ ተፈናጥረው ከዘለሉ ከጨዋታ የሚያስወጣው 5ኛው ጥፋት ሳይታሰብ ይመጣና ረጅሙ ቡድናችን በአራተኛው ሩብ አጭር ይሆናል።

የቀድሞ አቀባይ፦ አሁን የምለው ተግባራዊ ነገር ነው። ከወዳጅነት ጨዋታዎቹ አንዱ ሙሉ ሜዳ ከሚጫን (ኳሱን ገና ከጅምሩ በመላው ሜዳ አጥብቆ ከሚከላከል)፣ አጭርና ፈጣን ቡድን ጋር ይሁንልን ብለን እንጠይቅ። በዓለም አቀፉ ደንብ ኳሱን በ8 ሰከንድ ከግማሽ ሜዳ ማሻገር ግድ ነው፤ አቀባዮቻችን ያን ጭንቅ አሁን ይቅመሱት። ተጋጣሚ ካልተገኘ እኛ አጫጭሮቹ የቀድሞ ተጫዋቾች ልምምድ ላይ መጥተን እንጫናቸዋለን። እኔ እመጣለሁ።

የተጫዋች እናት፦ ልጄ አሁንም ቁመት እየጨመረ ነው፤ ከልምምድ በኋላ ስለ ጉልበቱ ያማርራል። የዝላይ ልምምዱ መጠን ይታይልን፤ ከፈተና በፊት ባለው ማታም ልምምድ አይያዝ። ይህን ረቂቁ ውስጥ ባገኘው ደስ ይለኛል።

የደጋፊዎች ተጠሪ፦ የእርስዎ ቃል ከሁሉም በላይ ይግባ፣ እናታችን። እኔም «እንዲያሸንፍ» የሚለው እንዲወጣ ተስማምቻለሁ፤ ነገር ግን ከሽንፈት በኋላ ደጋፊው ሜዳ ላይ እንደሚገኝ በግልጽ ይጻፍ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሁሉንም ሰብስቤ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ የመክፈቻ ጨዋታዎቹን የሚመዝነው በባከኑ ኳሶች፣ በጥፋት ብዛትና በመልሶ ማጥቃት በተቆጠሩ ነጥቦች ነው፤ መዝገቡንም በየጨዋታው ለአሰልጣኞች ያቀርባል። ከወዳጅነት ጨዋታዎቹ አንዱ ሙሉ ሜዳ ከሚጫን ቡድን ጋር እንዲሆን ይጠይቃል፤ ካልተገኘ የቀድሞ ተጫዋቾች በልምምድ ላይ ይተካሉ። በማደግ ላይ ያሉ ተጫዋቾች የዝላይ ልምምድ በባለሙያ እንዲመጠንና የፈተና ዋዜማ ከልምምድ ነጻ እንዲሆን ያሳስባል። ደጋፊው ከድልም ከሽንፈትም በኋላ በሜዳው ይገኛል።»

የውጤት መዝጋቢ፦ «የማጥቃት ሪባውንድ» የሚለውም ይታከልበት፤ ከዚያ በኋላ የማጥቂያው ሰዓት (ለመወርወር የተፈቀደው ጊዜ) ወደ 14 ሰከንድ ስለሚመለስ ልጆቹ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ማየት ይጠቅመናል። ሌላው ተስማምቶኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ታክሏል። ሌላ ተቃውሞ ከሌለ ሰኞ ከልምምድ በፊት ለዋና አሰልጣኙ በእጃቸው አደርሳለሁ።