ጄኔራሉ ይቀነስ ወይስ ፊርማው?

የዛሬው ክርክራችን፦ ፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት) ሰው ስለቀነሰ ብክነቱ ይቀንሳል ወይ? መነሻው በ2025 የወጡ ሁለት ውሳኔዎች ናቸው (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። ፌብሩዋሪ ላይ ሲቪል ሠራተኛው ከ5 እስከ 8 በመቶ ይቀነሳል ተባለ። ሜይ ላይ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ከባለ አራት ኮከብ ጄኔራሎችና አድሚራሎች ቢያንስ 20 በመቶው እንዲነሱ አዘዙ።

የአርሊንግተኑ (ፔንታጎን ያለበት አካባቢ ነዋሪ)፦ እኔ እሰይ ነው ያልኩት። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የቢሮና የድጋፍ ሥራ ላይ ነበር፤ ተዋጊውም አስተዳዳሪውም ተደምሮ መደበኛው ወታደር 1.3 ሚሊዮን ነበር። ይህን ያወጣው ጠላት እንዳይመስላችሁ፤ የፔንታጎን የራሱ አማካሪ ቦርድ ነው፣ በ2015። በ5 ዓመት 125 ቢሊዮን ዶላር ማዳን ይቻላል አለ። እነሱ ግን ሪፖርቱን ከድረ ገጽ አነሱት። ዋሽንግተን ፖስት ነው በ2016 ያፈረጠው። ኦዲቱንማ ተዉት። ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ ይመረመራሉ፣ አንዴም አላለፉም። ተማሪ ቢሆን ስንቴ በተባረረ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ያንኑ ጥናት እስከ መጨረሻው አንብበው። ገንዘቡ የሚድነው ሠራተኛ በማባረር አይደለም የሚለው። ጡረታ የወጣውን ባለመተካት፣ ኮንትራክተር በመቀነስ፣ የኮምፒውተር አሠራሩን በማስተካከል ነው። በ1990ዎቹ የግዢ ሠራተኛውን በግማሽ ገደማ ቀነሱት። ሥራው ግን አልቀነሰም። ዓርብ የተሰናበተው ሰኞ ሌላ ባጅ አንጠልጥሎ በኮንትራክተር ስም ይመለሳል።

የአርሊንግተኑ፦ ጄኔራሎቹስ? ሄግሴት እንዳሉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለ12 ሚሊዮን ሠራዊት ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከቡ 17 ነበር። በ2025 ግን፣ ተጠባባቂው ሲጨመር፣ ለ2.1 ሚሊዮን 44።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የ44 ሃያ በመቶ 9 ሰው አይሞላም! ቢሯቸው፣ ረዳቱ፣ ስብሰባው ካልተዘጋ ምን ዋጋ አለው? ቢሮ ራሱን ያበዛል። ከ1914 እስከ 1928 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትልልቅ የጦር መርከቦች ከ62 ወደ 20 ወረዱ። የዋናው መሥሪያ ቤት ሹማምንት ግን ከ2,000 ወደ 3,569 ወጡ።

ባለ ምግብ ቤቷ፦ እኔ ፖለቲካው አይገባኝም። እዚያው ፔንታጎን አቅራቢያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ ምሳ እሸጣለሁ። ባጅ አንገታቸው ላይ አድርገው ሽሮ የሚበሉ ደንበኞች ነበሩኝ። አሁን አንዱ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እሱም በፌስታል ይዞ ይሄዳል። "የሦስት ሰው ሥራ ነው የያዝኩት" አለኝ።

መቶ አለቃ፦ ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ የሻምበል ትራንስፖርት ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ጎማ ፈልጌ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ጎማው ከባለ ንብረቱ ኋላ ተደርድሮ ይታየኛል። ሞዴል 20 (የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን) ሙላ አለኝ፣ ሞላሁ። የአዛዡ ፊርማ አለኝ፣ አዛዡ ግዳጅ ላይ ናቸው። ምክትሉ ፈረሙ፤ ማኅተሙ ቁልፍ ውስጥ ነው። ማኅተሙ ሲገኝ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያው ቅጽ) አልቋል። አሥራ አንድ ቀን! ያን ባለ ንብረት ብታባርሩት ፊርማው ያው ነው፤ ወረፋው ነው የሚረዝመው። መጀመሪያ ፊርማውን ቀንሱ።

ደግሞ በጅምላ መበተንን እኔ ነኝ የማውቀው። በእኛ 1983 ሠራዊቱን ሙልጭ አድርገው በተኑት። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ባድመ ላይ ጦርነት ሲነሳ፣ ያባረሯቸውን አብራሪዎችና ባለሙያዎች ፈልገው ጠሩ።

የአርሊንግተኑ፦ እሺ መቶ አለቃ፣ ፊርማው ይቀነስ፣ እስማማለሁ። ግን ፊርማውን የሚቀንሰው ማን ነው? ፈራሚው ራሱ? እሱ እንጀራው ነው፤ ከውጭ ካልተገፋ አይነካውም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እዚህ ላይስ እውነትህን ነው።

ባለ ምግብ ቤቷ፦ መቶ አለቃ፣ ጎማውስ?

መቶ አለቃ፦ ከቆመ መኪና ፈታን። እሱም ሞዴል ነበረው፣ አልሞላንም።