የፌሎኒ (የከባድ ወንጀል) ሪከርድ ይዞ የትራክ ሥራ ማግኘት ይቻላል?

ጠያቂው (ከዳላስ አካባቢ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድ ከተማ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ዐሥር ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን ያለሁትም በግሪን ካርድ ነው። በማርች 2020 የሌላ ሰው ክሬዲት ካርድ ተጠቅመሃል ተብዬ በፌሎኒ ተከስሼ ጥፋቴን አመንኩ፤ ፍርድ ቤቱም እስር ሳይወስንብኝ የሦስት ዓመት ፕሮቤሽን (ከእስር ውጪ በክትትል መቆየት) ሰጠኝና በ2023 ጨረስኩ። ጠበቃዬ ጉዳዩ «ዲፈርድ» (ፍርዱ እንዲዘገይ የተደረገ) ስለሆነ ጥፋተኛ እንዳልተባልኩ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጋዘን ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ፤ አሁን ግን ክላስ ኤ ሲዲኤል (የትልልቅ ትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጥቼ ትራክ መንዳት እፈልጋለሁ። የመንጃ ሪከርዴ ንጹሕ ነው፤ ጠጥቼ ነድቼም አላውቅም። ያስቸገረኝ የምሰማው ወሬ መለያየቱ ነው፦ አንዱ ወዳጄ ፌሎኒ ላለበት ሰው ሲዲኤል አይሰጥም ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ማመልከቻው ላይ የለብኝም ብለህ ሙላ፣ ማን ያይሃል» ይለኛል። ለትምህርት ቤት ብዙ ሺህ ዶላር ከመክፈሌ በፊት ነገሩን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የመንገድ ሰው፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ወዳጅህ ተሳስቷል፤ ሁለተኛው ግን የሚያስጠይቅህን ነገር ነው የመከረህ። ሲዲኤል የሚያሳጡ ጥፋቶች በፌዴራሉ ደንብ ተለይተው የተጻፉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከማሽከርከር ጋር የተያያዙ ናቸው። ጠጥቶ መንዳት፣ አደጋ አድርሶ መሰወር ወይም መኪናን ፌሎኒ ለመፈጸም መጠቀም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን 1 ዓመት፣ አደገኛ ዕቃ ተጭኖ ከነበረ 3 ዓመት ያሳግዳል፤ ከተደገመ እገዳው የዕድሜ ልክ ይሆናል። ትራክን ለአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ወይም ለሰው ዝውውር የተጠቀመ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ጥፋት ለዘለቄታው ይታገዳል። ያንተ የክሬዲት ካርድ ጉዳይ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ለጊዜው የሚዘጋብህ ሃዝማት (አደገኛ ዕቃ የመጫን ፈቃድ) እና ትዊክ ካርድ (ወደብ የሚያስገባ መታወቂያ) ነው። ሁለቱንም የሚመረምረው ቲኤስኤ (የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ሲሆን፣ ማጭበርበር ነክ ፌሎኒ ጥፋተኝነቱ ከተመዘገበ 7 ዓመት እስኪሞላው፣ እስር ከነበረበትም ከተፈታ 5 ዓመት እስኪያልፍ ድረስ ያስከለክላል። አንተ ስላልታሰርክ የሚቆጠርብህ እስከ ማርች 2027 ነው፤ ከዚያ በፊትም ዌቨር (ክልከላው እንዲነሣ ልዩ ፈቃድ) መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ሂዩስተን ወደብ ገብቶ ኮንቴይነር ማውጣትንና የነዳጅ ታንከርን ለአሁኑ ተዋቸው። ድራይ ቫን (ዝግ ተሳቢ)፣ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) እና ፍላትቤድ (ክፍት ተሳቢ) በአብዛኛው እነዚህን አይጠይቁም።

ብዙ ሰው የማይነግርህ ነገር ኢንሹራንሱ ነው። ሁለት ትራክ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት እንዳንተ ሪከርድ ያለበትን አንድ የሰፈር ልጅ ልቀጥረው ፈልጌ ቡና ላይ ተስማምተን፣ ደመወዝ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ የኢንሹራንስ ድርጅቴ ስሙን መለሰው። ምክንያቱ ወንጀሉ እንዳይመስልህ፤ ስለ እሱ የጠየቀኝም የለም። የሁለት ዓመት የማሽከርከር ልምድ ስለሌለው ብቻ ነበር። ስለዚህ «ሐበሻ ጋ እገባለሁ» የሚለው ሐሳብ ለመጀመሪያው ሥራ ብዙም አያስኬድም። ጀማሪ የሚያሠለጥኑት ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ናቸው፤ እነሱም በፌሎኒ ላይ ያላቸው መመሪያ የተለያየ ነው፤ አንዱ 5 ዓመት፣ ሌላው 7 ወይም 10 ዓመት እንዲያልፍ ይፈልጋል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ከፌብሩዋሪ 7፣ 2022 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክላስ ኤ የሚያወጣ ሰው በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ካለ አሠልጣኝ ሳይማር የሮድ ቴስት አይፈቀድለትም። ትምህርት ቤቱ መዝገቡ ላይ መኖሩን አረጋግጥ፤ የ2020 ፌሎኒ ያለበትን ምሩቃቸውን የትኞቹ ካምፓኒዎች እንደሚቀበሉም በስም እንዲነግሩህ ጠይቅ። ካቅማሙ ገንዘብህን አትስጥ። የወርክፎርስ ሶሉሽንስ (የቴክሳስ የሥራ አገናኝ) ቢሮዎችም መስፈርቱን ላሟላ ሰው ክፍያውን ሊሸፍኑ ስለሚችሉ መጀመሪያ እዚያ ብትሄድ ይሻላል።

ሴፍቲ ቢሮ የምሠራ፦

እኔ የአሽከርካሪዎችን ማመልከቻ ከሚመረምሩት አንዷ ነኝ። ደንቡ ለአሽከርካሪ ማመልከቻ የሚያስገድደው ያለፉትን ዓመታት የሥራ ታሪክ፣ የ3 ዓመት አደጋና የትራፊክ ጥፋት፣ እንዲሁም መንጃ ፈቃድ ታግዶ ወይም ተነጥቆ እንደሆነ መግለጽን ነው፤ የወንጀል ጥያቄውን የሚጨምረው ካምፓኒው በራሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እርስዎም ቃል በቃል ሊያነቡት ይገባል። «በፌሎኒ ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚለውና «ጥፋትዎን አምነው ወይም ዲፈርድ ተሰጥቶዎት ያውቃል?» የሚለው አንድ አይደሉም፤ ለሁለተኛው የእርስዎ መልስ «አዎ» መሆኑ አያጠራጥርም። የመጀመሪያው ብቻ ከተጠየቀ ዝም ከማለት ይልቅ ጉዳዩን በማብራሪያው ቦታ ላይ እንዲጽፉት እመክራለሁ፤ ባክግራውንድ ቼኩ (ካምፓኒው የሚያስደርገው ያለፈ ታሪክ ማጣራት) ያወጣዋልና። ያለፈ ጥፋት ኖሮበት የተቀጠረ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ «የለብኝም» ብሎ ሞልቶ ከተገኘ በኋላ ሥራውን ያገኘ ግን አላየሁም። ይባስ ብሎ በማመልከቻ ላይ መዋሸት ዳክ ሪፖርት (ካምፓኒዎች የሚያዩት የአሽከርካሪ የሥራ ታሪክ) ላይ ሊመዘገብና ወደሚቀጥለው ካምፓኒ ሊከተልዎ ይችላል።

የፍርድ ቤቱን የውሳኔ ወረቀትና የፕሮቤሽን ማጠናቀቂያውን ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ጋር አያይዘው ይያዙ። ማብራሪያው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነና ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠሩ ይግለጽ፤ ለቅሶ አያስፈልገውም። የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ በ2012 ባወጣው መመሪያም አሠሪ የጥፋቱን ክብደት፣ ያለፈውን ጊዜና የሥራውን ጠባይ እንዲያመዛዝን ይጠበቃል።

ለእኛ አገር ሰዎች በተለይ የማሳስበው ስም ነው። የአባታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ፣ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች መዝገብ ሲቀላቀል አይቻለሁ። በባክግራውንድ ቼኩ ሪፖርት ምክንያት ካልተቀበሉዎት ቅጂውን የማግኘትና የተሳሳተውን የማስታረም መብት አለዎት። እንዲሁም ከ1966 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ቦንዲንግ ፕሮግራም ሪከርድ ያለበትን ሰው ለሚቀጥር አሠሪ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የ5,000 ዶላር ዋስትና በነጻ እንደሚሰጥ ይንገሯቸው። ብዙ ቀጣሪዎች ሰምተውት አያውቁም።

አስተርጓሚው፦

በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ለብዙ ዓመታት አስተርጉሜአለሁ፤ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ስለ ትራኩ ሌሎቹ በቂ ብለዋል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ጠበቃህ «ጥፋተኛ አልተባልክም» ማለቱ ነው። በቴክሳስ ሕግ አባባሉ ልክ ሊሆን ይችላል። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ፍርድ ቤቱ እንደ ፕሮቤሽን ያለ ግዴታ ከጣለበት፣ ዲፈርድም ቢሆን ጥፋተኛ እንደተባለ ይቆጠራል፤ ሪከርዱ በክፍለ ግዛቱ ቢታሸግም ይህ በአብዛኛው አይለወጥም። ማጭበርበር ደግሞ በዚያ ሕግ ክብደት ካላቸው ጥፋቶች ወገን ነው፤ በተለይ ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር ካለፈ። ስለዚህ ለዜግነት ከማመልከትህ፣ ከአሜሪካ ውጪ ከመጓዝህና ወደ ካናዳ የሚሄድ ጭነት ከመያዝህ በፊት የወንጀሉንም የኢሚግሬሽኑንም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወረቀትህን ይይልህ። ግሪን ካርድ ይዞ የወጣ ሰው ሲመለስ ኤርፖርት ላይ እንደ አዲስ ገቢ ሊጠየቅ ይችላል።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉዳቱ ከሦስት ሺህ ዶላር በታች ነበር፤ ቢሆንም ለጥምቀት አዲስ አበባ ልሄድ የያዝኩትን ትኬት ጠበቃ እስካማክር ድረስ አቆየዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሪከርዴን ለሪክሩተሩ (ለካምፓኒው ሠራተኛ ለሚመለምለው ሰው) መንገር ያለብኝ መቼ ነው? ማመልከቻው ከተሞላ በኋላ ነው ወይስ ኦሪየንቴሽን (የሥራ መግቢያ ሥልጠና) ላይ?

ሴፍቲ ቢሮ የምሠራ፦

በመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ላይ ይንገሩት፤ ወንጀሉን፣ ዓመቱንና ፕሮቤሽኑ መጠናቀቁን በሁለት ዓረፍተ ነገር። «ችግር የለውም» ካለዎት ይህንኑ በኢሜይል እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ሪክሩተሩ ሰው በማምጣቱ ይለካል፤ ውሳኔው ግን የእኛ ቢሮ ነው። በአውቶቡስ ሌላ ክፍለ ግዛት ድረስ ሄደው፣ ሆቴል አድረው፣ በኦሪየንቴሽኑ ሁለተኛ ቀን ሪፖርቱ ሲደርስ ሻንጣቸውን ይዘው የሚመለሱ ሰዎች በየወሩ አያለሁ፤ አንዳንዶቹ የነበራቸውን ሥራ ለቀው የመጡ ናቸው። የጽሑፍ ማረጋገጫው እስኪደርስዎ ድረስ የመጋዘኑን ሥራ አይልቀቁ።