ቢሊ ብራግ፣ ሬድ ዌጅ እና «ንግድ ነው» የተባለው ነገር

የባርኪንጓ፦
ትናንት ማታ ፒያሳ የሚባለው ሰው እዚህ የጻፈውን አንብቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያላየ ካለ እነሆ፦ «ሆዱ የሞላ ዘፋኝ ስለ ድሃ ሲዘፍን ንግድ ነው። እነ ቢሊ ብራግ በ1986 ሬድ ዌጅ ብለው እንግሊዝን ዞሩ። ምን አመጡ? በዓመቱ ታቸር አሸነፈች።» ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ እኔም በዚያው ልቀጥል። ለማያውቅ፦ ብራግ እንግሊዛዊ ዘፋኝ ነው፤ ሬድ ዌጅ ደግሞ ሌበር የሚባለውን የግራ ፓርቲ ደግፎ የታቸርን ወግ አጥባቂ መንግሥት የተቃወመ የዘፋኞች ዘመቻ ነበር።
ሆዱ የሞላው ማን ነው? ሰውየው እኔ አሁን የምኖርበት የምሥራቅ ለንደን ሰፈር፣ ባርኪንግ ውስጥ በ1957 የተወለደ ነው። ሪፍ ራፍ የሚባል፣ ፓንክ የተባለውን ቁጡ ሮክ የሚጫወት ባንድ ነበረው፤ አልሆነለትም። በ1981 ወታደር ቤት ገባ። ሦስት ወር ቆይቶ 175 ፓውንድ ከፍሎ ወጣ። ከዚያ አንድ ጊታር ይዞ ብቻውን መዝፈን ጀመረ። የመጀመሪያ ሥራው ሽፋን ላይ «ከ2.99 ፓውንድ በላይ እንዳትከፍሉ» ብሎ አሳተመበት። የትኛው ነጋዴ ነው ገዢውን እንዲህ ብሎ የሚያስጠነቅቅ?

ፒያሳ፦
እህቴ፣ ዋጋ መቀነስም ንግድ ነው። መርካቶ የዋለ ሰው ይነግርሻል። እኔ ግን ያልኩት ስለ አንድ ሰው አይደለም፤ ስለ አጠቃላይ ነገሩ ነው። የፓንክ አባቶች የሚባሉት ክላሾች በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዩኤስ ፌስቲቫል ላይ ለመዝፈን 500 ሺህ ዶላር ተቀበሉ። ከጀርባቸው ደግሞ «ክላሽ ለሽያጭ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አሳዩ። ዘፋኛቸው ጆ ስትራመር አንካራ የተወለደ የዲፕሎማት ልጅ ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደገው። ይሄ ሰው ስለ ሥራ አጥ ወጣት ሲጮህ ለምን አምነዋለሁ?

መሰንቆ፦
አባቱን መርጦ የተወለደ ሰው አለ እንዴ? ዲፕሎማት አባት ያለው ሰው ስለ ድሃ አይናገር ከተባለ፣ ድሃው ብቻውን ይናገር ማለት ነው። እሱን ደግሞ የሚሰማው የለም።
500 ሺሁ ዶላር እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ሌላውንም ተናገር። እነዚሁ ሰዎች በ1980 ሦስት ሸክላ ያለውን አልበማቸውን በርካሽ ለማሸጥ ሲሉ እንግሊዝ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 200 ሺህ ቅጂዎች የሚደርሳቸውን ገንዘብ ትተዋል። ድርጅቱ አይደለም የከሰረው፤ እነሱ ናቸው።

ፒያሳ፦
በሦስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ተመለሰላቸው።

ጋሽ ቀበሌ፦
ልጆቼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ አይደለም። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። ተነሱ ሲሉን ተነሳን፤ ሂዱ ያሉን ቦታ ሁሉ ሄድን። እኩልነት፣ ጭቆና ይውደም፣ ሁሉንም ዘፍነናል። አዳራሹ ይሞላ ነበር፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበርና። ስለዚህ ዘፋኝና ፓርቲ አንድ መኪና ላይ ተሳፍረው አገር ሲዞሩ ሳይ ሆዴ ይረበሻል። ሬድ ዌጅ የሌበር ፓርቲ መኪና ነበር። ይህን አትካዱ።

መሰንቆ፦
ጋሼ፣ የደረሰብዎትን አከብራለሁ። ግን ራስዎ ተናገሩት እኮ፦ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበር። በ1986 ጃንዋሪ መጨረሻ ማንቸስተር ላይ ቱሩ ሲጀመር ማን ተገደደ? ሰው ቲኬት ገዝቶ ገባ። ከባንዶቹ ስታይል ካውንስል ነበሩ፣ ኮሙናርድስ ነበሩ፣ ኒውካስል ላይ ስሚዝስም ብቅ ብለዋል። የፓርላማ አባላት አዳራሹ መግቢያ ላይ ቆመው ወጣቱ በጥያቄ ያፋጥጣቸው ነበር። እርስዎ ኪነት ላይ ሳሉ የቀበሌ ሊቀመንበር በወጣት ሲፋጠጥ አይተው ያውቃሉ?
ደግሞ መንግሥት የላከው ቱር አልነበረም። በመንግሥት ላይ የተነሳ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ጋሽ ቀበሌ፦
መንግሥት ለመሆን በሚፈልግ ፓርቲ የተደገፈ ነው፣ ልጄ። የስታይል ካውንስሉ ፖል ዌለር ራሱ በኋላ ከፖለቲከኞቹ ጋር መሥራቱ እንዳልተመቸው ተናግሯል። ዋናው ኮከባቸው እሱ ነበር።

ፒያሳ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ንግድ አልኩ፣ እርስዎ ቅስቀሳ አሉ። በየትኛውም ብንሄድ ድሃው ምንም አላገኘም። ጁን 1987 ታቸር በ102 መቀመጫ ብልጫ አሸነፈች። ሬድ ዌጅ በ1990 ፈረሰ። ታሪኩ አለቀ።

የባርኪንጓ፦
አላለቀም። «ምን አመጡ» እያልክ የምርጫ ውጤት ብቻ ነው የምትቆጥረው። ከሬድ ዌጅ በፊት የነበረውን ለምን ትዘላለህ? ማርች 1984 የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ዓመት ሙሉ ያለ ደሞዝ ቆዩ። ሚስቶቻቸው የጋራ ወጥ ቤት ከፍተው መንደር መገቡ። ብራግ ያኔ በየማዕድን ከተማው እየዞረ ለአድማው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዘፍኗል። ሬድ ዌጅ የተወለደው ከዚያ ነው። አድማው ተሸነፈ፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው ሥራ አጥ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ዝም ብለን አንቀመጥም አሉ። ተሸናፊ ጋር መቆም ንግድ ከሆነ በጣም ደካማ ንግድ ነው።

አራት ቁጥር ባስ፦
ስለ እንግሊዝ ከሰል ይህን ያህል ስንጣላ የራሳችንን ረሳን። ያኔ እኮ እንግሊዝ ውስጥ ሌላም የሙዚቃ ዘመቻ ነበር፤ ስለ እኛ። ቦብ ጌልዶፍም ከፓንኩ ማዕበል ጋር የመጣ ሰው ነው፤ ቡምታውን ራትስ የሚባል ባንድ ነበረው። ኦክቶበር 1984 ቢቢሲ የኮረምን የረሃብ ምስል አሳየ፣ በወሩ ባንድ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ዘፈን ተቀዳ፣ ጁላይ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ሆነ። ሬድ ዌጅ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ለእኔ ሁለቱ መልስና ጥያቄ ናቸው። ላይቭ ኤይድ «ስጡ» አለ። ሬድ ዌጅ «ለምን ደኸዩ?» አለ። ለእኛ «ለምን ተራቡ?» ብሎ የጠየቀ መድረክ ግን አልነበረም። ጦርነቱ አልተነሳም። በመስከረም 1977 በእኛ አቆጣጠር ደርግ ለአሥረኛ ዓመት በዓሉ ያወጣው ወጪ አልተነሳም። ሰፈራው አልተነሳም። ሰፈራውን የተቃወሙት ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1985 መጨረሻ ሲባረሩ የዘፈነ የለም።

የኮረም ልጅ፦
ይሄን ጽሑፍ ሳልመልስ አላልፍም። እኔ የተወለድኩት ከ77 በኋላ ነው። እናቴ በዚያ ዓመት ኮረም መጠለያ ውስጥ ነበረች። ሁለት ልጆቿን እዚያ ቀብራለች። እሷ የተረፈችው በእርዳታ እህል ነው። እህሉን ማን እንደላከው አታውቅም፤ ዘፋኝ ይሁን ቄስ አልጠየቀችም። ፒያሳ «ሆዱ የሞላ ዘፋኝ ስለ ድሃ ሲዘፍን ንግድ ነው» ትላለህ። አንተ ደግሞ ባስ፣ ጥያቄውን ስላልጠየቁ ትወቅሳለህ። ሆዱ የሞላ ሰው ያን ጊዜ ባይዘፍን ኖሮ እኔ ዛሬ አልጽፍላችሁም ነበር።

አራት ቁጥር ባስ፦
ወንድሜ፣ ለእናትህ ክብር አለኝ፤ ነፍስ ይማር ለሞቱት። እህሉን አልናቅሁም። ያልኩት፣ እህሉ መጥቶም ያራበን ነገር እዚያው ቆየ ነው። ሁለቱን ለያይተህ እየው።

የኮረም ልጅ፦
የራበው ሰው ለያይቶ አያይም። መጀመሪያ ይብላ። ከዚያ ስለ ምክንያቱ ከእሱ ጋር ተነጋገር፤ በሌለበት አታውራ።

ጋሽ ቀበሌ፦
ይህ ልጅ እውነቱን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ለእርዳታው ምስጋና ተብሎ «ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ቡድን ዓለምን ዞረ። አቤት ሙዚቃ! እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ግን የላከው ያው መንግሥት ነው። ከመድረኩ ላይ «ለምን ተራብን» የሚል ቃል ሊወጣ አይችልም ነበር። ለዚህ ነው ፓርቲ ያለበትን መድረክ የምፈራው።

ፒያሳ፦
ከርዕስ ወጣችሁ። ቱር ነው ያልነው፣ በእኩልነት ስም የሚደረግ ቱር። የኮረም ልጅ፣ እናትህን አልነካሁም። እህል የጫነ መርከብ ሌላ፣ ማንቸስተር ላይ ቲኬት መሸጥ ሌላ።

የባርኪንጓ፦
እሺ፣ ወደ ርዕሱ። ኤፕሪል 30 ቀን 1978 ከትራፋልጋር አደባባይ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሄደ። ሮክ አጌንስት ሬሲዝም የሚባለው ፀረ ዘረኝነት የሙዚቃ እንቅስቃሴ የጠራው ሰልፍና ኮንሰርት ነው፤ ክላሾች ዘፈኑ። ሕዝቡ መሐል አንድ የሃያ ዓመት የባርኪንግ ልጅ ነበር፤ ቢሊ ብራግ። የፖለቲካ ሕይወቴ ከዚያ ቀን ጀመረ ይላል።
አሁን ወደ እኔ ሰፈር ና። በ2006 የዘረኛው ቢኤንፒ ፓርቲ እዚህ ባርኪንግና ዳገንሃም ምክር ቤት 12 መቀመጫ አገኘ። እንደ እኔ ያለውን ወደመጣበት መልሱ የሚል ፓርቲ ነው። ብራግ ወደ ተወለደበት ሰፈር ተመለሰ፤ ዘፈነ፣ ቀሰቀሰ። በ2010 አሥራ ሁለቱም ወደቁ። አንድም አልቀረላቸውም። ይሄ «ምን አመጡ» ለሚለው መልስ ካልሆነ ምን እንደምትፈልግ ንገረኝ።

ፒያሳ፦
አሥራ ሁለቱን የጣለው በር እያንኳኳ የዞረው የሰፈሩ ሰው ነው። ዘፈን አይደለም። ብራግ እኮ የሚኖረው ዶርሴት ነው፤ ባርኪንግን ከለቀቀ ቆይቷል። በ1979 ምርጫም ዘረኛው ናሽናል ፍሮንት ፓርቲ የወደቀው በቪክቶሪያ ፓርክ ኮንሰርት አይደለም። ታቸር በ1978 ስለ ስደተኛ በቴሌቪዥን የተናገረችው ነገር ድምፃቸውን ወሰደባቸው። የባሰው መጣ እንጂ የተሻለው አልመጣም።

መሰንቆ፦
በር ያንኳኳው ሰው ከየት መጣ? አንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻዬን አይደለሁም ያለ ሰው ነው ሄዶ የሚያንኳኳው። እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድም ፓርቲ ውስጥ አልነበርኩም። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚዘፍን ሰው በካሴት ስሰማ ነው ይሄ ነገር የእኔ ጥፋት ብቻ አይደለም ያልኩት።
ስለ ስትራመርም ልጨምር። ኖቬምበር 15 ቀን 2002 አክተን ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለደሞዛቸው አድማ ላይ በነበሩበት ጊዜ ለእነሱ ዘፈነ። የድሮ የክላሽ ባልደረባው ሚክ ጆንስ ከሕዝቡ መሐል ተነስቶ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከ1983 በኋላ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነበር። ትልልቅ አዳራሽ መሙላት የሚችሉ ሰዎች ለአድመኞች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተጫወቱ። ስትራመር ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ዲሴምበር 22 ሞተ። ይህንንም ንግድ በለው።

ጋሽ ቀበሌ፦
ይሄኛውን እቀበላለሁ። ፓርቲ የለበትም፤ የሠራተኛ ማኅበር ነው። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ እኔም በስተርጅና አኮርዲዮኔን ይዤ እወጣለሁ።

የባርኪንጓ፦
ጋሼ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አድማ ያደረጉት እኮ በሌበር መንግሥት ላይ ነው! ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብሌር ነበር። ስለዚህ ግራ ዘፋኝ ሁሉ የሌበር ሎሌ ነው የሚለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ጋሽ ቀበሌ፦
ሎሌ አላልኩም። ተሳፋሪ ነው ያልኩት።

የኮረም ልጅ፦
እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ለንደን ስንት አበሻ ዝቅተኛ ደሞዝ ላይ ይሠራል? ሌሊት ቢሮ ያጸዳል፣ ቀን ሽማግሌ ይንከባከባል። ለእሱ ማን ዘፈነ? የእኛ ዘፋኞች ለአዲስ ዓመት ሲመጡ ቲኬቱን አይታችሁታል?

አራት ቁጥር ባስ፦
አሁን ትክክለኛው ቦታ መጣህ።

ፒያሳ፦
እንግዲህ ይሄ ነው እኔ ስል የቆየሁት። መሰንቆ፣ አክተንን ሰማሁ፤ ጥሩ ነው፣ ለስትራመር ነፍስ ይማር። ስለ 500 ሺሁ ዶላር ግን እስካሁን መልስ አልሰጠኸኝም። ተቀብሎ «አልሸጥም» ማለት ይቻላል ወይስ አይቻልም? አዎ ወይም አይ በል።